እትዬ ሙልጭና የመንግሥት ሳህን

እትዬ ሙልጭ የሚለውን ስም ያወጣላት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ነው። አንድ ጠዋት የራሷን ደጃፍ አጥባ፣ የእሱንም ደርባ፣ አልበቃ ብሏት በሁለቱ ቤቶች መካከል የቆመውን የመብራት ምሰሶ በሳሙና ስትፈትግ አገኛት። «ይቺን ሴትዮ ዝም ካሏት መንገዱንም ሙልጭ አድርጋ አጥባ ገመድ ላይ ታሰጣዋለች» አለ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ረሳው። እሷም አልተቀየመችም። አንዱ «ሾካካው»፣ ሌላው «እንቅልፎ» እየተባለ በሚጠራበት ሰፈር በንጽሕና ስም ማግኘት ሹመት ነው።

ዕድሜዋን የገፋችው በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ከሐኪም ጋዋን እስከ በሽተኛ አንሶላ በእጇ ያላለፈ ጨርቅ የለም። ጡረታ ስትወጣ ኃላፊዋ በመሸኛው ላይ፣ እሷ ያጠበችው አንሶላ ላይ ለመተኛት ሲል የታመመ ሰው እንዳለ ተናግሮ ሰዉን አስቋል። እሷ ግን ቀልድ መሆኑን እስከ ዛሬ አላወቀችም።

እፎይ ልትል ቤቷ ስትገባ ጠላቷ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ጠበቃት። የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ነው። ረጅም ጭስ ማውጫ አለው፤ ቀይና ነጭ ቀለም ተቀብቶ ነበር አሉ፤ አሁን ግን ቀዩን ከነጩ ለመለየት የቀባው ሰው ራሱ መጠራት አለበት። የፋብሪካው ሰዎች «እኛ ስንተከል እዚህ ሜዳ ነበር፤ ማን ኑና ክበቡን አላችሁ» ይላሉ። ሰፈርተኛው ደግሞ «ታዲያ እኛ ሰማይ ላይ እንኑር» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ጥላሸቱ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም። ጠዋትና ማታ እየመጣ መስኮት ላይ፣ ወንበር ላይ፣ የሰው አንገት ላይ ያርፋል። እትዬ ሙልጭም ጠዋትና ማታ ጨርቋን ይዛ ትቀበለዋለች። ነጭ ልብስ ውጭ ማስጣት ከተወች ቆይታለች። ገመዱ ሳሎን ውስጥ ነው የተዘረጋው፤ የጡረተኛ አውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባሏ ወንበሩ ላይ ለመድረስ በእርጥብ አንሶላ ሥር አጎንብሶ ማለፍ አለበት። ሲያልፍም ያስለዋል። «ምን ሆነሃል» ስትለው፣ «ምንም፤ ሞተሩ ዘይት መብላት ጀምሯል» ይላል።

ይህ ሁሉ ተችሎ የተኖረ ነገር ነው። ያልተቻለው ልጇ ስትወልድ የመጣው ነው።

ልጇ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው የምትኖረው። የወለደችው ወንድ ልጅ ያለ ጊዜው መጣ፤ ደረቱ ደካማ ነው፣ ጭስ እንዳይደርስበት ብሎ ሐኪሙ አስጠነቀቀ። ልጇም እጅ እጇን እያየች ነገረቻት።

«እማዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። ያ ጭስ ማውጫ እያለ ልጄን እዚያ ቤት አላስገባም።»

«ቤቴን ነው ቆሻሻ የምትዪው?»

«ቤትሽን ማን ነካው? አየሩን ነው።»

«አየሩንማ በምን ልጠበው» አለች እትዬ ሙልጭ። ከዚያ የምር አሰበችበት፤ ልጇ ፊቷን አይታ ሐሳቧን ወደ ቀልድ ባትወስድባት ኖሮ አንድ መላ ሳትፈልግ አትቀርም ነበር።

የልጅ ልጇን ለማየት ልጇ ቤት ትሄዳለች፤ ታቅፈዋለች፣ ትስመዋለች። ግን አያት በራሷ ቤት፣ በራሷ አልጋ አጠገብ ካላቀፈች አቀፈች አይባልም ባይ ናት። ስለዚህ የልጇን የድሮ ክፍል አዘጋጀች። ሹፌሩ የልጅ አልጋውን ጠገነ፣ እሷ ነጭ አንሶላ አነጠፈችበት። በየሳምንቱ አንሶላውን አንስታ ታጥባለች፣ ሌላ ታነጥፋለች። ማንም ሳይተኛበት የሚቆሽሽ አንሶላ እዚያ ቤት ብቻ ነው ያለው። ሹፌሩ አንድ ቀን «ማን ተኛበት ብለሽ ነው» ሊል አፉን ከፍቶ፣ ፊቷን አይቶ መልሶ ዘጋው።

በዚህ መሃል መንግሥት በመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ የሚገኙ ፋብሪካዎችን ጭስ ሥርዓት አስይዛለሁ አለ። በቴሌቪዥን ተነገረ፣ ሰፈሩ አጨበጨበ፣ ከዚያ ዝም ሆነ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የመሥሪያ ቤቱ እንቁላል ግን መጀመሪያ ኮሚቴ ማቋቋም ነበረበት። ሰዉ ተስፋ ቆርጦ ረስቶት ሳለ አንድ ቀን ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሰው ትልቅ ካርቶን ታቅፎ የእትዬ ሙልጭን በር አንኳኳ። ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የመጣ ባለሙያ ነው። ማንም ሳይነግረው ጫማውን በር ላይ አወለቀ። እትዬ ሙልጭ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደደችው።

ከካርቶኑ ውስጥ ነጭ፣ ሰፊ፣ ጎድጎድ ያለ ሳህን ወጣ።

«ይሄ ጣሪያዎ ላይ ወር ሙሉ ይቀመጣል፤ ጣሪያዎ ጠፍጣፋ ነው፣ ለፋብሪካውም ቅርብ ነው» አለ ባለሙያው። «ከጭሱ የሚወርደውን ብናኝ ይሰበስባል። ከዚያ ወስደን እንመረምረዋለን። ለየሰፈሩ አንድ አንድ ነው የደረሰው። ጎረቤቶችዎን ማን ይጠብቅልኝ ብላቸው ሁሉም እርስዎን ነው የጠቆሙኝ። አደራ እትዬ፣ ማንም እንዳይነካው።»

«አደራ ነው ያልከኝ?»

«አደራ።»

«እንግዲያው ሂድና ተኛ ልጄ።»

አደራ በላ ከመባል ሞት ይሻላታል። ሳህኑ ጣሪያው ላይ በወጣ በሰዓቱ ድመት እንዳይደርስበት ዙሪያውን በሽቦ አጠረችው። ልብስ ሰፊው ጉዱን ለማየት መሰላል ሲወጣ ከታች ሆና እግሩን ያዘችው። በማግስቱ ማለዳ ደህና አድሮ እንደሆነ ለማየት ወጣች፤ ያየችው ነገር ክው አደረጋት። በነጩ ሳህን ላይ ጥላሸት እንደ ቁንዶ በርበሬ ተነስንሷል። የመንግሥት ዕቃ፣ በአደራ የተሰጠ ዕቃ፣ በእሷ ጣሪያ ላይ ቆሽሿል። ሰውየው ተመልሶ ይህን ቢያይ «ይቺ ናት እንግዲህ ያመንናት» አይልም?

ብናኝ ይሰበስባል ማለቱንስ ሰምታለች። ግን የሚሰበስበው እንደ መብራት ቆጣሪ በሆዱ መስሏታል፤ ቆጣሪ ላይ ያለውን አቧራ ብትጠርግ የመብራቱ ሒሳብ አይቀንስም። ስለዚህ ሳህኑን አውርዳ በሳሙና አጠበችው፣ አለቀለቀችው፣ በነጭ ጨርቅ አደረቀችው፣ መልሳ በቦታው አስቀመጠችው።

ሹፌሩ ከታች ሆኖ ይመለከታል። «ሰውየው ማንም እንዳይነካው አላለም እንዴ?»

«መቼ ነካሁት? አጠብኩት እንጂ።»

ሹፌሩ በትዳር ዘመኑ ከዚህች ሴት ጋር በእጥበት ጉዳይ ተከራክሮ ያሸነፈበት ቀን ስለሌለ ጋዜጣውን አነሳ። እንዲህ እያለች ወሩን ሙሉ፣ በየማለዳው፣ አንድም ቀን ሳታጎድል አጠበችው። ባለሙያው መጥቶ ሲወስደው ሳህኑ ከመጣበት ቀን ይልቅ ያበራ ነበር።

ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰበ። እትዬ ሙልጭ ከፊት ተቀመጠች፤ ልጇን በስልክ «ዛሬ ይለይለታል» ብላታለች። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ከረባት አስሮ፣ ሊወቀስ የመጣ ሰው ፊት ይዞ ከዳር ቆሟል። ባለሙያው ወረቀቱን ደጋግሞ አየ፣ መነጽሩን ወልውሎ እንደገና አየ።

«በዚህ ሰፈር የተገኘው ብናኝ» አለ፣ «ከከተማው ውጭ ጫካ ውስጥ ካስቀመጥነው ሳህን ያነሰ ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሥራ አስኪያጁ ለአፍታ የሰማውን አላመነም፤ ካመነ በኋላ ግን ማንም አላቆመውም። «እኛ ሁልጊዜ የምንለው ይህንኑ ነው። የኛ ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። እንዲያውም አየሩን ሳያጣራው አይቀርም።»

«ይሄ ሸሚዜ ላይ ያለውስ ከየት መጣ?» አለ ልብስ ሰፊው ኮሌታውን ገልብጦ እያሳየ።

«እኔም ግራ ገብቶኛል» አለ ባለሙያው። «ግን ሳህኑ የሚለው ይህንን ነው። እንዲህ የጸዳ ሳህን መሥሪያ ቤታችን አይቶ አያውቅም።»

እትዬ ሙልጭ ምስጋና ሲመጣ ዝም ብሎ መቀመጥ አታውቅበትም። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«ታዲያስ ልጄ፣ ምን መሰለህ? በየማለዳው በሳሙና ሙልጭ አድርጌ ነበር የማጥበው።»

ሹፌሩ ባርኔጣውን ቀስ አድርጎ ፊቱ ላይ አወረደ። ባለሙያው ከኋላው ወንበር መኖሩን ሳያይ ተቀመጠ፤ ደግነቱ ወንበር ነበረ። መጀመሪያ የሳቀው ልብስ ሰፊው ነው፤ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ ሥራ አስኪያጁም ጭምር። እሷ ብቻ ቆማ፣ ምን እንዳጠፋች ከሰዉ ፊት ላይ ስትፈልግ ቆየች። ስታገኘው ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ማታውን ልጇ ደወለች። ወሬ ከሰው ይቀድማል፤ ሰምታለች።

«እማዬ፣ ቆይ ሳቄን ልጨርስ፣ ከዚያ አለቅሳለሁ።» እውነትም ሳቋን ስትጨርስ ድምፅዋ ተለወጠ። «ታውቂያለሽ፣ ልጅ እያለሁም እንዲህ ነበርሽ። መስኮቱን እኛ ሳንነሳ ትወለውይዋለሽ። ምን ስንተነፍስ እንደኖርን አንድም ቀን አላየነውም።»

እትዬ ሙልጭ ስልኩን ዘግታ እጇን አየችው። ያን ቀን ከሰፈሩ ሳቅ ይልቅ ይህ ነገር ከነከናት።

በማግስቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ተገኘች። ባለሙያው በእሷ ምክንያት የአለቃውን ቁጣ ጠግቦ ሰምቷል፤ ሲያያት ደነገጠ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳህኑ ምን አጠፋ» አለችው። «አንድ ጊዜ ደግመህ ስጠኝ። ካልሰጠኸኝ ከዚህ አልነሳም።» የበሩ መስታወት ቆሽሾ ስላየችው፣ መልሱን እስኪያመጣላት በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። ባለሙያው አለቃውን ለምኖ ሲመለስ ጥርት ባለው መስታወት ውስጥ አያት፤ ልቡ ተጠራጠረ።

ሳህኑን ሲያመጣው በጣቱ እየቆጠረ አስጠነቀቃት። «አያጥቡት። አይጥረጉት። አይወልውሉት። እፍ አይበሉበት።»

«ውሃ ብቻስ?»

«ውሃም።»

ያ ወር ለቤተሰቡም ለጎረቤትም የመከራ ወር ነበር። ሳህኑን ያጣ እጇ ሌላ ነገር ፈለገ። የሹፌሩን ባርኔጣ እስኪጠብበት ድረስ አጠበችው። የልብስ ሰፊውን ሜትር አጥባ ቁጥሩን አጠፋችው፤ ሰውየው ደንበኞቹን በስንዝር ለካ። ሹፌሩ በመጨረሻ መሰላሉን ደብቆ ልብስ ሰፊው ቤት አሳደረው። እሷም ከጓሮ ቆማ ወደ ጣሪያው እያየች «አሁን ምን መስሎ ይሆን» ስትል ትውላለች፤ ሩቅ አገር የሄደ ዘመድ ያላት ትመስላለች።

ቀኑ ደርሶ ባለሙያው ሳህኑን ሲያወርደው ነጭ ቦታ አልነበረውም። ሹፌሩ አጎንብሶ አየው፤ ብዙ ጊዜ አየው።

«ይሄ ሁሉ እስከ ዛሬ የት ነበር?»

«ጨርቄ ላይ» አለች እትዬ ሙልጭ። ቀጥላም፣ «የተረፈው አንተ ደረት ውስጥ ነው» አለችና አለቀሰች። ሹፌሩ ስለ ሞተርና ስለ ዘይት የሚለው ነገር ጠፋው።

በዚህኛው ውጤት ሥራ አስኪያጁም ሳቅ አልመጣለትም። መሥሪያ ቤቱ ወይ ጭስ ማውጫህ ላይ ማጣሪያ ግጠም፣ ወይ ከሰፈሩ ውጣ አለው። ጊዜ ስጡኝ አለ፣ ተሰጠው። ጨምሩልኝ አለ፣ ተጨመረለት። ማጣሪያው በመርከብ እየመጣ ነው ሲል፣ ልብስ ሰፊው መርከቡ በእግሩ ነው ወይ የሚመጣ ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት የፋብሪካው በር ታሽጎ ተገኘ፤ መርከቡም ወዲያው ደረሰ። ሠራተኞች ጭስ ማውጫው ላይ ወጥተው ትልቅ የብረት ሣጥን ገጠሙበት፣ እሽጉም ተፈታ። ጭሱ ቀነሰ የሚል አለ፣ አይ ቀለሙን ነው የቀየረው የሚልም አለ። ልጇ ግን ወሬ አልፈለገችም።

«ሳህኑ ይናገር» አለች። «ሳህኑ ደህና ነው ካለ በዚያው ቀን ልጄን ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ብቻ አትንኪው እማዬ።»

ባለሙያው ለሦስተኛ ጊዜ ሳህኑን አስቀምጦ ሄደ። እትዬ ሙልጭ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ በየማለዳው ወጥታ ታየዋለች፤ መሰላሉን ሹፌሩ በቃል ኪዳን መልሶላታል። ሳህኑ ቶሎ አልጠቆረም። ቀናት ሄዱ፣ ነጭነቱ አልሄደም። ደስታዋን ለማንም ሳትናገር አምቃ ይዛ ሳለ፣ የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ አንዲት ርግብ መጥታ በሽቦው ላይ አረፈች፤ ሳህኑ መሃል ላይ ኩሷን ጥላ ሄደች።

እትዬ ሙልጭ ከመሰላሉ ልትወድቅ ነበር። ሹፌሩ ደግፎ አወረዳት።

«አንዴ ብቻ፣ በጣቴ ጫፍ።»

«አይሆንም።»

«በስንጥር ባነሳውስ?»

«ልጁን አስቢ።»

ልጁን አሰበች። በየማለዳው ወጥታ ኩሱን ታየዋለች፣ ልጁን ታስባለች፣ ትወርዳለች። ኩሱ ደረቀ፣ ጠነከረ፣ በሳህኑ ላይ ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። ስለዚህ ጉዳይ ለማንም አልተነፈሰችም፤ በእሷ ቤት የወፍ ኩስ ወር ሊሞላው መሆኑ እንዲታወቅ አልፈለገችም።

ሳህኑ የሚወርድበት ቀን ባለሙያው መጣ፣ ሥራ አስኪያጁ መጣ፣ ልብስ ሰፊው ሳይጠራ መጣ። ልጇም ልጁን ለባሏ ትታ ብቻዋን መጣች። ባለሙያው መሰላሉን ወጥቶ ወደ ሳህኑ አየ፤ ከዚያ ዞሮ ወደ እትዬ ሙልጭ አየ። የተሰበሰበው አቧራ ጥቂት ግራጫ ብቻ ነው።

«እትዬ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «እውነቱን ይንገሩኝ። አልቆጣም።»

«አልነካሁም።»

«ትንሽም ቢሆን?»

«ልጄ ትሙት አልነካሁም።»

«አመል ያወጣል ከመሃል» አለ ልብስ ሰፊው ለራሱ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ።

ለእሷ ጥብቅና የቆመው ማንም ያልጠበቀው ሰው ነበር። «እንዴት አታምኗቸውም?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እኚህ እናት በሐቀኝነታቸው የታወቁ ናቸው። ማጣሪያችን ነው የሠራው።» ይህን ማለቱ ነገሩን አባሰው፤ ባለሙያው ይበልጥ ተጠራጠረ። «እንደገና ከመጀመር በቀር ምርጫ የለኝም» አለ። እትዬ ሙልጭ ወደ ልጇ አየች። ልጇ ወደ መሬት አየች። መሰላሉ በእጇ እያለ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታጥብ ቆይታ፣ አጥባለች ተብሎ ሊፈረድባት ነው። እንባዋ መጣ።

ልጇ ቀና ስትል የእናቷን ፊት አየች። መሰላሉን ወጣች። ከላይ ሆና ወደ ሳህኑ አጎነበሰች።

«ይሄ መሃል ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«እሱ የወፍ ኩስ ነው» አለ ባለሙያው። «አይቆጠርም፤ ለቅመን እናወጣዋለን።»

«መቼ የወደቀ ነው?»

ባለሙያው ተጠግቶ አየው። «ቆይቷል። ሳምንታት ሳይሆነው አይቀርም።»

«እንግዲያው አስቡት» አለች ልጇ፤ ሳቋ እየመጣ ነው። «እናቴ እጇን እዚህ ሳህን ውስጥ ብታስገባ፣ ይሄ ኩስ እዚህ ይገኝ ነበር?»

ሁሉም ወደ ጣሪያው፣ ከዚያ ወደ እትዬ ሙልጭ ዞሩ። እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። «ሰው ፊት አታውሪው» ትላለች ከውስጥ።

«በምንም ተአምር አይገኝም» አለ ልብስ ሰፊው። «እኔ ምስክር ነኝ። መብራት ምሰሶውን ጠይቁት።»

ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ ሳቀ፣ ከዚያ «ምርመራው ይቀጥላል፤ በዓይን ግን ሳህኑ ደህና ነው ብሏል» ብሎ ከነኩሱ አክብሮ ካርቶኑ ውስጥ አስገባው።

ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ሙልጭ አንድ ነጭ አንሶላ አጥባ ጓሮ ያለው ገመድ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ሥሩ ወንበር አስጠግታ እስኪደርቅ ጠበቀችው። ሲደርቅ ወደ ብርሃን ይዛ ከዳር እስከ ዳር መረመረችውና የልጅ አልጋው ላይ አነጠፈችው። አመሻሽ ላይ ልጇ ከባሏ ጋር መጣች። ልጁን ከእቅፏ አውጥታ አልጋው ላይ አጋደመችው። ልጁ ወደ ኮርኒሱ አየ፣ ወደ አያቱ አየ፣ ከዚያ የጠባውን ወተት ነጩ አንሶላ ላይ መለሰው።

ልጇ ጨርቅ ፈለገች። ሹፌሩ ሚስቱን በዓይኑ ተከታተለ፤ እጇ ሲነሳ አየ፣ ሲመለስም አየ።

«ተዪው» አለች እትዬ ሙልጭ። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ አጎንብሳ ተመለከተችው። «ማንም እንዳይነካው።»

አንሶላው የታጠበው በማግስቱ ነው።